ያ መልአክ ከየት መጣ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ከግማሽ የሚበልጡት ስለ አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚናገሩ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። መጽሐፉ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የውጭ አገር ልብ ወለድ ነው። ደራሲው እስከ አሁን የሚታወቀው ነፍሰ ገዳይ በሚያሳድዱ መርማሪዎችና እንቅልፍ በሚነሡ የምዕራፍ መዝጊያዎች ነበር፤ በዚህኛው ግን መላእክትና አጋንንት በግልጽ የሚታዩበት ሃይማኖታዊ ታሪክ ይዞ ቀርቧል። በጅማ መርካቶ ያሉ መጽሐፍ አከራዮች የያዟቸው ጥቂት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ከርመው ሽፋናቸው ተልጦ፣ ጠርዛቸው ቡና ፈስሶበት ጠቁሮ አይቻለሁ። ካነበቡት ሰዎች መካከል ወይ ወድዶ ወይ ተቈጥቶ እንጂ እንዲሁ በዝምታ የመለሰ አላጋጠመኝም።

የመጽሐፉንም ሆነ የደራሲውን ስም ሆን ብዬ አልጠራም፤ የክርክሩ ሁሉ ማጠንጠኛ የታሪኩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ገና ያላነበቡ ሰዎች ደስታ እንዳይበላሽ በማሰብ ነው። ጀምረው ያልጨረሱ ግን ስሙን ባልጠራውም ማወቃቸው አይቀርምና፣ እዚህ ላይ ንባባቸውን እንዲያቆሙ እለምናለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ቀን ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ የማያውቅ አንድ መርማሪ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተራ በተራ የሚጠፉ ሕፃናትን ይፈልጋል። ራእይ የምታይ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ሕፃናቱን የሚወስደው ሰው እንዳልሆነ ትነግረዋለች። እርሱ አያምናትም፤ ማስረጃው ግን ቀስ በቀስ ወደ እርሷ ያዘነብላል። በመጨረሻ መርማሪው በአንድ አሮጌ የደወል ቤት ውስጥ ከርኩሱ መንፈስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥምና ተስፋው ሲሟጠጥ፣ ኡራኤል የተባለው መልአክ ይወርድና በሦስት ገጽ ውስጥ ሁሉን ነገር ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የዚህን ደራሲ ወደ አማርኛ የተመለሱ ሥራዎች በሙሉ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ከቢሮ መልስ ራት ቀርቦልኝ እንኳ መጽሐፉን ከእጄ ስለማላስቀምጥ ባለቤቴ ታኮርፈኛለች። ይህንንም እንደ ወትሮው መስሎኝ ተከራየሁት። እስከ ደወል ቤቱ ድረስ መብራት ሳላጠፋ አነጋሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢላዋ ሊገዛ ገብቶ መቋሚያ እንደተሸጠለት ሰው ሆንሁ። አንድ ደራሲ በለመድነው ስሙና በለመድነው ዓይነት ሽፋን ስብከት መሸጥ ይገባዋልን? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ስለ መቋሚያው ያሉት ብዙ አሥቆኛል፤ ጥያቄዎ ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ የቋጠረ ስለሆነ ፈትቼ ልመልከተው።

የመጀመሪያው ደራሲ መንገዱን የመለወጥ መብት አለው ወይ የሚለው ነው። አለው፤ ሲያደርጉትም ኖረዋል። በደም መጣጭ ሙታን ታሪኮቿ የታወቀችው አሜሪካዊቷ አን ራይስ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን እ.ኤ.አ. በ1976 ካሳተመች ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይታ በ1998 ወደ ልጅነት የካቶሊክ እምነቷ ተመለሰች፤ በ2005 ደግሞ የኢየሱስን ልጅነት በራሱ በሕፃኑ አንደበት የሚተርክ ልብ ወለድ አወጣች። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ስለ ክርስቶስ መሆኑን ስለሚናገር፣ ደም መጣጭ ፍለጋ የሄደ አንባቢ ተታለልሁ ሊል አይችልም ነበር። (እርሷም በ2010 ክርስትናን መተዋን በይፋ ተናግራለች፤ የደራሲ መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጠፍ አይደለም።) እንግሊዛዊው ግሬሃም ግሪን ደግሞ የስለላና የወንጀል ታሪኮቹን «መዝናኛ»፣ ሌሎቹን «ልብ ወለድ» እያለ ለአንባቢው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ይሁን እንጂ በወንጀል ታሪኮቹም ውስጥ የኃጢአትና የምሕረት ጥያቄ እየገባ ድንበሩን ስላፈረሰበት በኋላ ልዩነቱን ራሱ ተወው። ስለዚህ እርስዎ የሚወቅሱት ሽፋኑን ከሆነ ትክክል ነዎት፤ በላዩ ላይ ያለው ሽጉጥና የተሰበረ መስኮት ብቻ ነው፤ ስለ መልአክ አንድም ፍንጭ አይሰጥም። ይህ ግን ከደራሲው ይልቅ የአሳታሚው ጥፋት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ ሳያስቡት የጻፉት ነው። «እስከ ደወል ቤቱ ድረስ መብራት ሳላጠፋ አነጋሁ» ብለዋል። እስከ ደወል ቤቱ ድረስ እኮ መነኩሲቷ በየምዕራፉ ስትጸልይ፣ መርማሪው ከእግዚአብሔር ጋር ሲጣላ፣ ሟች ሚስቱ የተወችውን መጽሐፍ ቅዱስ ከመሳቢያ እያወጣ ሲመልስ አንብበዋል። ስብከት የሚጠሉ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ገጾች ይጥሉት ነበር። እንደ እኔ ግምት ያስቀየመዎት ሃይማኖቱ ሳይሆን፣ ደራሲው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ በልብዎ ውስጥ ያንጠለጠለውን ገመድ ራሱ ሊያወርደው ሲገባ፣ ለመልአክ ሰጥቶ በመቀስ ማስቆረጡ ነው። ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አንባቢ ቀጥለው ስለሚገኙ እዚህ ላይ ላቁም።

ጥያቄ፦ በቡና ላይ ስንወያይ አብዛኞቹ ጓደኞቼ «መልአኩ እንዴት ድንገት ይመጣል?» እያሉ ያጣጥላሉ። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። የእግዚአብሔር ሥራ ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም፤ በተአምረ ማርያምም ረድኤት ሁልጊዜ ድንገት ነው። ደግሞም ፍንጭ የለም የሚሉት ሐሰት ነው፤ በሰባተኛው ምዕራፍ መነኩሲቷ በክፍሏ ግድግዳ ላይ ጽዋ ስትስል እናያለን። የቅዱስ ኡራኤልን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ወይስ ተሳስቻለሁ? (ከቦሳ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ስለ ጽዋው ያነሡት ነጥብ በደብዳቤዎቹ ሁሉ ውስጥ ካገኘሁት ይበልጥ ያስደነቀኝ ነው። ደብዳቤዎን እንዳነበብሁ ወደ ሰባተኛው ምዕራፍ ተመለስሁ፤ እውነትም ጽዋው አለ። ቅዱስ ኡራኤል የጌታን ደም በጽዋ ተቀብሎ በምድር ላይ እንደረጨው በሚነገርበት አገር ላደገ አንባቢ ያ ሥዕል እንደ ደወል ይጮኻል። ከዚያም ቀሪውን መጽሐፍ ጽዋን ብቻ እየፈለግሁ እንደገና አነበብሁት፤ ግን ሌላ ቦታ አልተጠቀሰም። መነኩሲቷ ስለ ሥዕሉ አታወራም፣ መርማሪው አይጠይቅም፣ መልአኩም ሲወርድ የያዘው ሰይፍ ነው። ስለዚህ ያን ፍንጭ ያስቀመጡት ደራሲው ሳይሆኑ እርስዎ ነዎት የሚል ፍርሃት አለኝ፤ ከቤትዎ ይዘውት የሄዱትን ስንቅ በደራሲው ማዕድ ላይ አቅርበው እርሱ የጋበዘዎት መሰለዎት። የእኛ አንባቢ ከውጭ አገሩ አንባቢ የበለጠ ይህን መጨረሻ የተቀበለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተአምር በእምነት ውስጥ ፈቃድ ጠይቆ አይመጣም ያሉት እውነት ነው፤ እኔም አልከራከርም። ነገር ግን ተአምርን ማመንና ተአምርን መተረክ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ለዚህም ማስረጃ የማቀርበው ራስዎ የጠቀሱትን ተአምረ ማርያምን ነው። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያስታውሱ። 78 ነፍሳትን የበላ ሰው በመንገድ ላይ አንድ ቁስለኛ ለማኝ ያገኛል። ለማኙ በውኃ ጥም ሊሞት ደርሶ በእግዚአብሔር ስም ውኃ ይለምነዋል፤ ይከለክለዋል። በቅዱሳን ስም ይለምነዋል፤ አሁንም እምቢ ይለዋል። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው፣ ያ ጨካኝ ይህን ስም በልጅነቱ እንደሰማው አስታውሶ ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ከዚያ ይሞታል፤ ነፍሱ ወደ ሚዛን ትቀርባለች፤ በአንድ በኩል 78 ነፍሳት፣ በሌላ በኩል ጥርኝ ውኃ።

አያቴ ይህን ታሪክ ስትነግረን የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን አክብራ ከተመለሰች በኋላ ነበር፤ ሚዛኑ ላይ ስትደርስም ሁልጊዜ ቡናውን ለመቅዳት ታቆም ነበር። እኛ ልጆች መጨረሻውን በልባችን እያወቅን እንኳ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልን እንጨነቅ ነበር። ለምን ይመስልዎታል? ውኃው ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ እጁ ሲዘረጋ አይተናል፤ ሦስት ጊዜ ተለምኖ ሁለት ጊዜ እንደ ከለከለ ቆጥረናል። ምሕረቱ ከሰው አእምሮ በላይ ነው፤ ወደ ምሕረቱ የሚወስደው መንገድ ግን በታሪኩ ውስጥ አስቀድሞ ተጠርጓል። የሥነ ጽሑፍ መምህራን «ንግር» የሚሉት ይህን ነው፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ፊት ላይ እንደ ዘር ይጣላል፣ አንባቢው ረግጦት ያልፋል፣ ሲበቅል ግን የት እንደተዘራ ያስታውሳል።

በልብ ወለዳችን ውስጥ ጥርኝ ውኃው የቱ ነው? መርማሪው ለማንም ምንም አልሰጠም። በደወል ቤቱ ውስጥ እንኳ አይጸልይም፤ አይምርም፤ አይጸጸትም፤ ጥይቱ ብቻ ያልቅበታል። መልአኩ ባይመጣ ኖሮ ይሞት ነበር፣ መጣና ዳነ፤ በመዳኑም ውስጥ እርሱ የሠራው አንዳች ነገር የለም። ስለዚህ የእኔ ቅሬታ መልአኩ መምጣቱ ላይ አይደለም። የሚቀጥሉት ገጾች መልአክ ያላየ ሰው የሚኖረውን ኑሮ ማሳየታቸው ላይ ነው፤ መርማሪው በማግሥቱ ቢሮው ገብቶ ሪፖርት ይጽፋል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ሌላ ወንጀል ይጠባበቃል። ሰማይ ተከፍቶ ያየ ሰው እጁ እንኳ አይንቀጠቀጥም? ለምእመን ይህ ከማንም የበለጠ ሊያስቀይም ይገባል ባይ ነኝ፤ እርስዎ ለተአምሩ የቆሙትን ያህል ደራሲው አልቆመለትም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በኅብረታችን ውስጥ መጽሐፉን ለውይይት ልናቀርበው አስበን ሳለ አንድ ወንድም «ኡራኤል የሚባል መልአክ በመጽሐፍ ቅዱስ ስለሌለ ደራሲው ፈጥሮታል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይጠናም» ብሎ ተቃወመ። እውነት ነው? (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ ደራሲው አልፈጠረውም። ስሙ በመጽሐፈ ሄኖክና በዕዝራ ሱቱኤል ውስጥ ይገኛል። ወንድምህ የያዘው መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ያሉት ስለሆነ በእርሱ ውስጥ በስም የተጠሩት መላእክት ሚካኤልና ገብርኤል ብቻ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን 81 መጻሕፍት ስትቀበል ሄኖክና ዕዝራ ሱቱኤል ከእነርሱ መካከል ናቸው፤ ለዚህም ነው ኡራኤል በየወሩ በ22 የሚታሰበው። መጽሐፈ ሄኖክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይጎድል የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑንም አትርሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1773 ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት የሚያውቁት ቁርጥራጩን ነበር። ወንድምህ ሄኖክን ባይቀበልም እንኳ በእጁ ያለው የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 ላይ የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል።

በጅማ ይህ መጽሐፍ ያስነሣው ክርክር ከፊሉ በሥነ ጽሑፍ ላይ ሳይሆን በመጻሕፍት ቁጥር ላይ የተነሣ ክርክር መሆኑን ያወቅሁት ከአንተ ደብዳቤ ነው። አንዱ ያውቀዋል፣ ሌላው አያውቀውም፤ ደራሲው ግን ለሁለቱም ምንም አልነገራቸውም። ለውይይት ማቅረቡን እደግፋለሁ፤ እንደ ትምህርተ ሃይማኖት ግን አታጥኑት። ልብ ወለድ ስለ መላእክት የሚናገረው ደራሲው የፈለገውን ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ መርማሪው ለምን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳልተመለሰ ተወያዩበት፤ አንድ ምሽት ሙሉ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሂርማታ በንግድ ሥራ እተዳደራለሁ። መጽሐፉን ያዋሱኝ ክርስቲያን ጎረቤቴ ናቸው። እርሳቸው ሰልችቷቸው ግማሽ ላይ ትተውታል፤ እኔ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ እስከ ሌሊት አነበብሁት፤ ፈራሁም። የእኔ ያልሆነ እምነት ታሪክ ከባለቤቱ ይልቅ እኔን እንዴት ያዘኝ? ሌላው ጥያቄዬ፣ አስተርጓሚው «ጋኔን» ያለውን እኔ «ጂን» ብዬ እየተረዳሁ ነበር ያነበብሁት። ትክክል ነበርሁ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያውም መልስ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የእምነትዎ ሊቃውንት ከእኔ ይልቅ ያስረዱዎታል፤ እኔ የምናገረው ስለ ታሪኩ ብቻ ነው። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ የማይታዩት ፍጥረታት ሁለት ሠራዊት ናቸው፤ መላእክት ሁሉ ጥሩ፣ አጋንንት ሁሉ ክፉ። ጋኔን ብቅ ካለ ምን እንደሚፈልግ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል። በእስልምና ግን ጂኖች ሦስተኛ ወገን ናቸው፤ ከእሳት የተፈጠሩ፣ እንደ ሰው ምርጫ ያላቸው፣ ያመኑም የካዱም ያሉባቸው ናቸው። በቁርኣን 72ኛው ምዕራፍ በስማቸው የተጠራ ሲሆን፣ ቁርኣን ሰምተው ያመኑ ጂኖች የሚናገሩበት ነው። እንግዲህ እርስዎ «ጋኔን» የሚለውን «ጂን» እያሉ ሲያነብቡ፣ ደራሲው ያላሰበውን ጥርጣሬ በታሪኩ ውስጥ ጨምረዋል፤ «ይህ ፍጡር ምን ይመርጥ ይሆን?» እያሉ ነበር ያነበቡት። ጎረቤትዎ ግን ከመጀመሪያው ብቅ ባለበት ገጽ ጀምሮ ማን እንደሚያሸንፍ ያውቃሉ። እርሳቸው መሰልቸታቸውም ሆነ እርስዎ መፍራትዎ አያስገርመኝም።

ትርጉሙ ትክክል ነበር ወይ ለሚለው፣ በቃላት ደረጃ አልነበረም፤ ደራሲው የጻፈው ስለ ርኩስ መንፈስ ነው። ግን እንደዚህ ባለ ስሕተት ያነበቡት መጽሐፍ ከእውነተኛው የተሻለ እንደሚሆን እጠረጥራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃይማኖት በልብ ወለድ መጨረሻ ላይ መጥቶ ሁሉን ነገር ማስታረቁ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ የሚጠናቀቀው ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያ የተባለችውን ልጅ በማግባቱ ነው። እርስዎ ያን መጨረሻ እንዴት እንደሚያነቡት ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እኛ በትምህርት ቤት ስንማረው ማንም ይህን ጥያቄ አንሥቶ አያውቅም፤ ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሙስሊም ነበር፣ እርሱንም ማንም አልጠየቀውም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ መጽሐፉን ሰርቃ አንብባ ለብቻዋ መተኛት እምቢ አለች። መጽሐፉን ላቃጥለው?

መልስ፦ የተከራዩት ከሆነ ያስከፍልዎታል። ቢያቃጥሉት ደግሞ ልጅቱ በውስጡ የሚቃጠል ነገር እንዳለ በእርግጥ ታምናለች። በቀን ብርሃን አጠገብዎ አስቀምጠዋት መጨረሻውን አብራችሁ አንብቡት፤ ለዚህ ብቻ ሲባል ያ መጨረሻ ይጠቅማል። ፍርሃቱ ሳምንታት ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ ከነሣት ግን ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ይገባል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ይህን መጽሐፍ ካነበብሁ በኋላ እኔም በጅማ ላይ የተመሠረተ መንፈሳዊ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ጀምሬአለሁ። ታሪኩ በጂረን በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሌሊት ይፈጸማል። ጭጋግ፣ የደወል ድምፅና ጥቁር ድመት አስገብቻለሁ። ምን ይጎድለዋል?

መልስ፦ የሚጎድለው ጅማ ነው። ደወሉና ድመቷ ካነበብኸው መጽሐፍ የተሰደዱ ናቸው፤ መልሰህ ወደ አገራቸው ስደዳቸው። ጂረን ላይ በክረምት ሌሊት ቆመህ ታውቃለህ? ከታች የከተማው መብራት በአንድ ጊዜ ሲጠፋ፣ ዝናቡ ከርቀት በቆርቆሮ ላይ እየሮጠ ሲመጣ፣ የጅብ ድምፅ ከአንዱ ሸለቆ ተነሥቶ በሌላው ሲመለስ ሰምተሃል? በሌሊት ዘበኛ ሆኖ በርጩማ ላይ የተቀመጠ፣ ጋቢውን የተከናነበ፣ በጀበና የቀረችውን ቡና በከሰል የሚያሞቅ ሰው አስብ፤ ሁለት ስኒ አቅርቧል፤ ለማን እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ ከጥቁሯ ድመት ይልቅ ያችን ሁለተኛ ስኒ እፈራለሁ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። አባ ጅፋር ሁለተኛ በጅማ ላይ ከ1870ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙ፣ ታሪካቸው የሚታወቅና ዛሬም በብዙዎች ዘንድ የሚከበሩ ንጉሥ ናቸው፤ በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ሰይጣን ልታስቀምጥ ከሆነ፣ በስማቸው ያልሠሩትን እንዳትጽፍ። የአንተ ፍጡር ትናንት የመጣ እንግዳ ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛው ጥንቃቄ መንፈሱ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከመጀመርህ በፊት ለራስህ ወስን፤ ከወሰንህም በኋላ በችግር ጊዜ አትለውጠው። ደፍ መሻገር የማይችል ካልኸው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ተጨንቀህ በመስኮት አታስገባው። የሚያድን ነገር ካስፈለገህም ዘበኛው ከአምስት ምዕራፍ በፊት ያደረገው ነገር ያድነው፤ ካላደረገ ይሙት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላክልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዬ እንደማይራራለት ግን እወቅ።

ጥያቄ፦ እኔ ከመርካቶ የተከራየሁት ቅጂ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉትም፤ ታሪኩ መርማሪው የደወል ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ያልቃል። አከራዩን ብጠይቀው «እንዲሁ ነው የመጣው» አለኝ። ሦስት ቀን ሳስብ ከርሜ ራሴ ጨረስሁት፦ መነኩሲቷ ከታች ሆና ስትጸልይ ዓይኗ ይጠፋል፤ ራእይዋን ሰጥታ ሕፃኑን ትቀበላለች፤ መርማሪው ደግሞ እጇን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመራታል፤ ደጁን የሚረግጠውም ለእርሷ ሲል ነው። በሕይወቴ እንደዚህ የወደድሁት መጽሐፍ የለም። እውነተኛው መጨረሻ ምንድን ነው? ሌላ ቅጂ ልከራይ?

መልስ፦ ከላይ የሰጠሁትን ማስጠንቀቂያ ሰምተው ንባብዎን አቁመው ከሆነ ይህን መልስ አያነቡትም፤ ካላቆሙ ደግሞ እውነተኛውን መጨረሻ አውቀውታልና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሌሎቹን መልሶች ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ካነበብሁት በኋላ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ ደረጃውን ከሚወጣበት ገጽ በኋላ ያለውን በእጄ ሸፍኜ፣ እርስዎ የጻፉትን መጨረሻ በቦታው አስቀምጬ አነበብሁት። መነኩሲቷ በሁለተኛው ምዕራፍ «ዓይኔ የእኔ አይደለም፣ በአደራ የተሰጠኝ ነው» ብላ ነበር፤ ደራሲው ረስቶታል፣ እርስዎ አልረሱትም።

ሌላ ቅጂ መከራየት አያስፈልግዎትም። የእኔ ቅጂ ሙሉ ስለሆነ፣ ከፈለጉት እሰጥዎታለሁ፤ በምትኩ ያንን የጎደለውን እኔ ልውሰድ፤ የአከራዩን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ።